ግማሽ ሰው ለአንድ ኮሚቴ

ሰሞኑን ታክሲ ውስጥ ሬዲዮ ተከፍቶ አንድ የገዢው ፓርቲ ሰው ስለ ሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ቋሚ ኮሚቴዎች ሲያወሩ ሰማሁ። ተቃዋሚዎች «ድርሻችን አነሰ» ማለታቸው አናዷቸዋል። ድልድሉ በመቀመጫ ቁጥር ልክ ነው አሉ። ቀጥለው ደግሞ ኮሚቴ የሙያ ሥራ ስለሆነ ፓርቲ አይታይበትም አሉ። ሁለቱንም በአንድ ትንፋሽ! ፓርቲ ካልታየበት በፓርቲ መቁጠሩ ለምን አስፈለገ?

እሺ፣ እንቁጠር። ምርጫ ቦርድ ሐምሌ 2013 ይፋ ባደረገው ውጤት ገዢው ብልጽግና 410 መቀመጫ አገኘ። ከተቃዋሚ ፓርቲዎች አብን 5፣ ኢዜማ 4፣ የጌዴኦ ሕዝብ ዴሞክራሲያዊ ድርጅት 2፣ የግል ተወዳዳሪዎች 4። 20 አባላት ያሉት ኮሚቴ ብናስብ የሦስቱ ፓርቲዎች ድርሻ ተደምሮ ግማሽ ሰው ገደማ ነው። ግማሽ ሰው! ከወገብ በላይ ያለው ከደረሰን እጅ ያወጣል፤ ከወገብ በታች ያለው ከደረሰን ወንበር ያሞቃል። በ2007ቱ ምርጫማ ኢሕአዴግና አጋሮቹ 547ቱንም ወሰዱ። በሰውየው ሒሳብ ያኔ የተቃዋሚ ድርሻ ዜሮ ነበር፣ ዜሮውም ፍትሐዊ ነበር ማለት ነው። በየምርጫ ክልሉ ብዙ ድምፅ ያገኘ ብቻውን በሚያሸንፍበት ምርጫ የተዛባን ቁጥር ተሸክሞ ኮሚቴ ድረስ መግባት እንግዲህ ሙያ ተባለ።

ኮሚቴው ቀላል ቦታ ቢሆን ባልተናደድኩ። በቴሌቪዥን የምናየውን እናውቀዋለን። ረቂቅ አዋጁ «ለዝርዝር እይታ» ይመራል። ከሳምንታት በኋላ የውሳኔ ሐሳቡ ይነበባል። የሚደግፉ? የእጅ ጫካ። የሚቃወሙ? ካሜራው ዞር ዞር ብሎ አንድ እጅ ያገኛል። ድምፀ ተዓቅቦ? ሁለት። አለቀ፣ ጸደቀ። የትኛው አንቀጽ ወጣ፣ የትኛው ገባ፣ ማን ምን ጠየቀ? ያ ሁሉ ያለቀው ኮሚቴው ውስጥ ነው። እዚያ ያልተጠየቀ ጥያቄ አዳራሹ ውስጥ ቢጠየቅ ለካሜራ ነው።

የመንግሥት ወጪ አስተዳደርና ቁጥጥር ጉዳዮች ቋሚ ኮሚቴን የአብኑ ክርስቲያን ታደለ ይመሩት እንደነበር አልክድም። ግን ወንበሩ የተሰጠው በችሮታ ነው። ችሮታ ደግሞ ሰጪው ሲከፋው ይነሳል። ሰብሳቢው በ2015 ታሰሩ፣ ወንበሩም ወደ ሌላ ሰው ሄደ። በእንግሊዝ ፓርላማ የመንግሥትን ሒሳብ የሚመረምረው ኮሚቴ ሰብሳቢነት በቆየ ልማድ የተቃዋሚው ነው። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ ገንዘቡን ያወጣ ሰው ደረሰኙን ራሱ አያጣራም።

በምክር ቤቱ የአሠራር ደንብ ውስጥ ይጻፍልን። የወጪ ቁጥጥሩ ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ፣ በየኮሚቴውም ቢያንስ አንድ ከገዢው ፓርቲ ውጭ የሆነ ሰው። «ያሉት ጥቂት ሰዎች ለሁሉም ኮሚቴ አይበቁም» ትሉኝ ይሆናል። የሚገቡበትን ራሳቸው ይምረጡ፤ የሚተርፈውን እነሱ ይተዉታል።

ጋዜጠኛው ስለ ግማሹ ሰው ይጠይቃቸዋል ብዬ ጆሮዬን አቅንቼ ጠበቅሁ። ማስታወቂያ ገባ።