አልጋ ላይ የሚያስቀራቸው ዋርዱ ነው ወይስ እኛ?

የክርክሩ ጥያቄ፦ በስትሮክ የተመታ ሰው ሆስፒታል ሲተኛ እንዳይንቀሳቀስ የሚያደርገው የክፍሉ ሁኔታ ነው ወይስ የከበበው ሰው? ተከራካሪዎቹ መሃል አዲስ አበባ የምትሠራ የፊዚዮቴራፒ ባለሙያና እናቱን ያስታመመ የፒያሳ ነጋዴ ናቸው።

ባለሙያዋ፦ ክፍሉ ነው። የምሠራበት ክፍል 8 አልጋ አለው፤ ወንበሩ ግን አንድ ነው፣ እሱም ላይ የአስታማሚ ጋቢና ፌስታል ተከምሮበታል። ግድግዳው መደገፊያ ብረት የለውም። ሽንት ቤቱ ኮሪደሩ ጫፍ ነው፤ በሩ ላይ ደግሞ ስንዝር የምታህል እርከን አለች። አንድ እግሩን ለሚጎትት ሰው ያቺ እርከን «ፖፖ አምጡልኝ» ታሰኛለች። እኔ 20 ደቂቃ አሠርቼው ወደሚቀጥለው እሄዳለሁ። ከዚያ ተነስቶ የት ይሂድ? እ.ኤ.አ. በ2004 የታተመ የአውስትራሊያዋ የሜልቦርን ከተማ ጥናት 5 የስትሮክ ክፍሎችን አይቶ ነበር፤ ሕመምተኞቹ የቀኑን 53 በመቶ አልጋ ላይ፣ 60 በመቶውን ብቻቸውን ያሳልፉ ነበር።

አስታማሚው፦ በራስዎ ቁጥር ልያዝዎት እህቴ። ሜልቦርን ወንበርም መደገፊያም አልጠፋም፤ ታዲያ ለምን ተኙ? የእኔ እናት ደግሞ ለአንድ ደቂቃ እንኳ ብቻዋን አልነበረችም። ጠያቂው አልጋዋን ከቦ፣ ብርጭቆ ልታነሳ እጇን ስትዘረጋ ሦስት እጅ ይቀድማት ነበር። እኔም ደህና ቀኝ እጅ እያላት አጎርሳት ነበር። ፍቅር መስሎኝ! ደግሞስ ማስነሳት ሁሉ መልካም ነው? በ5 አገሮች 2,104 ሰዎች የተሳተፉበት፣ እ.ኤ.አ. በ2015 የወጣ ጥናት፣ ገና በመጀመሪያው ቀን አጥብቆ ማስነሳት ውጤቱን እንዳባሰው አሳይቷል።

ባለሙያዋ፦ እሱ ስለ መጀመሪያዎቹ 24 ሰዓታት ነው፤ እናትዎ ስንት ሳምንት ተኙ? ክፍሉ እንደሚወስን ማስረጃ ከፈለጉ ስዊድንን ይዩ። አንድ የስትሮክ ክፍል ታድሶ እያንዳንዱ ሰው የራሱ ክፍል ሲሰጠው፣ ሕመምተኞቹ ከበፊቱ ይልቅ ብቻቸውን ይውሉ ጀመር፤ እንቅስቃሴያቸውም ቀነሰ። ሕንፃው አዲስ፣ ውጤቱ ግን የኋሊት።

አስታማሚው፦ ይሄ እኮ የእኔ ክርክር ነው፤ የጎደላቸው ሰው ነው።

ባለሙያዋ፦ እናትዎ ግን ሰው ሞልቷቸው ተኙ። የእኔ ጥያቄ ተነስተው የሚሄዱበት ነገር ነበራቸው ወይ ነው።

አስታማሚው፦ አንድ ቀን መድኃኒት ልገዛ ወጥቼ ፋርማሲው ወረፋ አቆየኝ። ስመለስ አልጋዋ ባዶ ነው። ክው አልኩ። ለካ የአልጋዎቹን ብረት እየያዘች መስኮቱ ጋ ደርሳ፣ ቆማ ታክሲ የሚሳፈረውን ሰው ታያለች።

ባለሙያዋ፦ አዩ! መስኮቱ ነዋ ያስነሳቸው።

አስታማሚው፦ መስኮቱማ ከገባን ቀን ጀምሮ እዚያው ነበር። የዚያን ቀን ያልነበርኩት እኔ ነኝ።