ለትንሽ ድርጅት ኮምፒውተር ሲገዛ፦ ሲበላሽ ማን ይጠግነዋል?

አሥር ሠራተኛ የማይሞላው ድርጅት ኮምፒውተር ሊገዛ ሲነሳ ክርክሩ ዊንዶውስ ይሻላል፣ ማክ ወይስ ሊኑክስ በሚለው ይጀመራል። ሦስቱም ደብዳቤ ይጽፋሉ፤ ሦስቱም ኢሜይል ይልካሉ። እኔ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ፣ ማሽኑ አልነሳም ባለ ዕለት ማን ያስነሳዋል የሚለው ነው እላለሁ። ትልቅ መሥሪያ ቤት የአይቲ ክፍል አለው። ትንሹ ያለው ግን “ኮምፒውተር ይችላል” የተባለ አንድ የሂሳብ ሠራተኛ ነው፤ እሱም የራሱ ሥራ አለበት።

ስለዚህ አምስት ማሽን ካስፈለገ አምስቱም አንድ ሞዴል፣ ስርዓተ ክወናቸውም (ዊንዶውስ፣ ማክ ወይም ሊኑክስ) አንድ ይሁን። ቻርጀር ይዋዋሳሉ፤ ለአንዱ የተገኘው መፍትሔ ለአራቱም ይሆናል፤ የአንዱ ማዘርቦርድ ቢቃጠል ራሙ (ጊዜያዊ ማኅደረ ትውስታው) ለሌላው መለዋወጫ ነው። ርካሽ በተገኘ ቁጥር አንድ አንድ እያለ የሚሰበስብ ድርጅት የቆጠበውን ለጥገና ይከፍለዋል።

የስርዓተ ክወናውን ነገር የሚወስነው የሥራ አስኪያጁ ምርጫ አይደለም፤ ድርጅቱ ሊተወው የማይችለው ፕሮግራም ነው። የሂሳብ ሶፍትዌሩ በዊንዶውስ ብቻ የሚሠራ ከሆነ ክርክሩ እዚያው አበቃ። ሥራው ሁሉ በብራውዘር የሚያልቅ ከሆነ ኡቡንቱ የተባለው የሊኑክስ ዓይነት ይበቃል፤ ክፍያ የለውም፣ ኤልቲኤስ የሚባለው የረጅም ጊዜ ድጋፍ ያለው እትሙም ለ5 ዓመት የደኅንነት ማሻሻያ ያገኛል። ሊኑክስን እወዳለሁ፤ ሆኖም በማክሮ (ሥራን በራሱ በሚያከናውን ትእዛዝ) በተሞላ የኤክሴል ፋይል ለሚተዳደር ቢሮ አልመክረውም። በሊኑክስ ላይ የኤክሴልን ቦታ የሚይዘው ሊብሬኦፊስ ፋይሉን ይከፍተዋል፣ ማክሮውን ግን ሁልጊዜ አያሠራውም። የጀርመኗ ሙኒክ ከተማ አስተዳደር እንኳ፣ ያ ሁሉ ባለሙያ እያለው፣ እ.ኤ.አ. በ2003 ወደ ሊኑክስ ለመዞር ወስኖ በ2017 ወደ ዊንዶውስ ልመለስ ብሏል።

ብዙዎች የማያዩት የማሻሻያው ማብቂያ ቀንን ነው። ማይክሮሶፍት ለዊንዶውስ 10 ይሰጥ የነበረው መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ዊንዶውስ 11 ደግሞ ቲፒኤም 2.0 የተባለ የደኅንነት ቺፕ ይፈልጋል፤ ከኢንቴል ፕሮሰሰሮችም በጥቅሉ ከ8ኛ ትውልድ በታች ያሉትን አይቀበልም። በ6ኛና በ7ኛ ትውልድ ፕሮሰሰር የሚሠራ ላፕቶፕ ዋጋው ደስ የሚለው ያለ ምክንያት አይደለም። ማሻሻያ ቢቀር ምን ይመጣል ለሚል፣ በሜይ 2017 ዓለምን ያዳረሰው፣ ፋይል ቆልፎ ገንዘብ የሚጠይቀው ቫይረስ ዋናክራይ መልስ ነው፤ ቀዳዳውን የሚደፍነው ማሻሻያ ከወጣ ሁለት ወር ገደማ አልፎት ነበር፣ የተመቱት ያልጫኑት ናቸው። ክራክ የተደረገ (ፈቃዱ ሳይገዛ የተሰበረ) ዊንዶውስ የሚጭን ድርጅትማ በሩን ለማያውቀው ሰው ራሱ ከፍቷል።

ያገለገለ መግዛት ነውር የለውም። ለቢሮ ተብሎ የተሠራ የሁለት የሦስት ዓመት ላፕቶፕ፣ ከርካሹ አዲስ ላፕቶፕ ብዙ ጊዜ ይበልጣል፤ ለመፍታትም ለመጠገንም ይመቻል። ማክቡክ ዕድሜው ረጅም ነው፣ ነገር ግን አፕል ራሱ የሠራው ኤም ቺፕ ያላቸው ራማቸው በኋላ አይጨመርም፤ ሲገዛ 16 ጊጋ ያልሆነ እንደዚያው ይቀራል። ላፕቶፑ ከቢሮ የሚወጣ ከሆነ ዊንዶውስ ፕሮ ይሁን፤ ዲስኩን የሚቆልፈውን ቢትሎከርን ከነሙሉ መቆጣጠሪያው የያዘው እሱ ነው።

ሻጩ በሚያመጣው ፕሮፎርማ ላይ “ኮር አይ5” ብቻ ተጽፎ ከመጣ ይመለስ፤ ትውልዱ የሚታወቀው በቁጥሩ ነውና የፕሮሰሰሩ ሙሉ ቁጥር ይጻፍበት።