ከኢንተርቪው በኋላ የሚጻፍ ምስጋና

አሜሪካ ውስጥ ለሥራ ኢንተርቪው የተደረገ ሰው ብዙ ጊዜ በ24 ሰዓት ውስጥ ለጠያቂዎቹ የምስጋና ኢሜይል ይልካል። ሕግ አይደለም፣ ልማድ ነው። ኮሌጆች ተማሪዎቻቸውን ይመክሩበታል፤ የሚጠብቁት ቀጣሪዎችም ጥቂት አይደሉም። በዋሽንግተንና አካባቢው ሥራ ከሚፈልጉ የእኛ ልጆች ግን የማይጽፉት ብዙ ናቸው። አንዳንዱ የነገረው የለም። አንዳንዱ ደግሞ "መለማመጥ ይመስልብኛል" ይላል።

ስሜቱ ይገባኛል። አገር ቤት ማስታወቂያው ሰሌዳ ላይ ወይም ጋዜጣ ላይ ይወጣል፤ አሁን አሁን ቴሌግራም ላይም ይገኛል። ማስረጃህን ይዘህ ትመዘገባለህ፣ የጽሑፍ ፈተና ትወስዳለህ፣ ከዚያ ቃለ መጠይቅ። ኮሚቴው ነጥብ ይሞላል። በዚህ መሃል ለአንዱ የኮሚቴ አባል መልእክት ብትልክ ማን እንደ ምስጋና ያየዋል? በሰው ለመግባት የምትሞክር ነው የምትመስለው። ተቀባዩም ይታማል። ስለዚህ ውጤት እስኪወጣ ዝም ማለት ራስንም ጠያቂውንም ከሐሜት መጠበቅ ነው። ይህን ጨዋነት አከብረዋለሁ።

እዚህ ግን ዝም ያለ ሰው "ሥራውን ብዙም አልፈለገውም" ሊባል ይችላል። ልጆቻችን በዚህ ምክንያት ወደኋላ ሲቀሩ ያሳዝነኛል፤ ምክንያቱም ነገሩ ቀላል ነው። አራት አምስት ዓረፍተ ነገር ይበቃል። ለምሳሌ ሆስፒታል ያመለከተች ነርስ እንዲህ ልትጽፍ ትችላለች፦ "ዛሬ ጊዜ ሰጥተው ስላነጋገሩኝ አመሰግናለሁ። አዳዲስ ነርሶችን ስለምታለማምዱበት መንገድ የነገሩኝን ወድጄዋለሁ፤ እኔም በቀድሞ ሥራዬ ጀማሪዎችን አለማምድ ነበር። ተጨማሪ መረጃ ካስፈለገ ወዲያው እልካለሁ።" በቃ። "ቤተሰብ አስተዳድራለሁ፣ እባክዎ ይርዱኝ" አይገባበትም። ስጦታማ ጭራሽ አይታሰብም። የጠየቁሽ ሦስት ሰዎች ከሆኑ ለየአንዳንዳቸው ለየብቻ ጻፊ፤ ያንኑ ገልብጠሽ አትላኪ፣ እርስ በርስ ሊተያዩት ይችላሉ። አድራሻቸው ከሌለሽ ቀጠሮውን የያዘልሽን ሰው ጠይቂ። ደግሞ ጠያቂዋ "በስሜ ጥሪኝ" ካለችሽ በስሟ ጥሪያት። በዕድሜ ለሚበልጠን ሰው ይህ እንደሚከብደን አውቃለሁ፣ እዚህ ግን ድፍረት አይባልም።

እርግጥ ኢንተርቪውን ያበላሸን ሰው ኢሜይል አያድነውም። ነጥብ በቅጽ በሚሞላባቸው የመንግሥት ሥራዎችም ብዙ ላይለውጥ ይችላል። ሁለት ተቀራራቢ ሰዎች ሲቀሩ ግን ሊረዳ ይችላል።

ይህ ልማድ እንዳለ አገር ቤት ይግባ አልልም። ሐሜቱ እስካለ ድረስ አመልካቹን ይጎዳዋል። እዚያ ምስጋናው ከቀጣሪው ቢጀምር እመርጣለሁ። በዚህ የአሜሪካ ድርጅቶችም አርአያ አይሆኑም፤ ጠይቀውህ ድምፃቸውን የሚያጠፉ ብዙ ናቸው። የአገር ቤቱ ግን ይብሳል፤ አመልካቹ ከደሴ ወይም ከጎንደር በራሱ ወጪ አውቶቡስ ተሳፍሮ፣ አልጋ ተከራይቶ አዲስ አበባ ይመጣል። "እንደውላለን" ይባላል። ስልኩን ሲጠብቅ ሳምንታት ያልፋሉ። "ቦታው በሌላ ሰው ተይዟል፣ ስለመጡ እናመሰግናለን" የሚል አጭር መልእክት በስልኩ ቢደርሰው፣ በማግስቱ ሌላ ቦታ ያመለክት ነበር።