ፈጣን ምግብ፣ አዝጋሚ ደመወዝ

አዲስ አበባ ውስጥ «ፋስት ፉድ» የሚል ታፔላ ያለበት ቤት ከገባህ ተረጋግተህ ተቀመጥ። ጉዳይህን ጨርሰህ ግባ። በርገሩ የሚመጣው ዋይፋዩን ጠይቀህ፣ ፓስወርዱ አልሠራ ብሎህ፣ በራስህ ዳታ ግማሽ ፊልም አይተህ ነው። ፈጣኑ ነገር ሒሳቡ ብቻ ነው። እሱ 15 በመቶ ቫቱንና 10 በመቶ የአገልግሎት ክፍያውን አስከትሎ ከች ይላል።

ችግር የለም፣ በርገር ቤት የሚኬደው ለመጥገብ አይደለማ! ለመታየት ነው። መጀመሪያ ስልክ ይበላል፣ ቀጥሎ ሰው። ፒዛ ሀት በ2010 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲከፈት ያየነውን እናስታውሳለን፤ ፒዛው ሳይቆረስ በየፌስቡኩ ተለጥፎ አድሯል። በጥንዶች መካከል ደግሞ በርገር ፈተና ነው። እሷ «ስፔሻል» ስትል፣ ሜኑውን ከቀኝ ወደ ግራ የሚያነበው (ዋጋው በቀኝ በኩል ስለሆነ) ምስኪኑ ልጅ «እኔ በልቼ ነው የመጣሁት፣ ማኪያቶ ይበቃኛል» ይላል። ሆዱ ሲጮህ ከሙዚቃው በላይ ይሰማል። አስተናጋጁም ይህን ዓረፍተ ነገር ስለለመደው ሳይጠየቅ ሁለት ሹካ ያመጣል፤ የተባረከ!

ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ያለው ትዕይንት ለብቻው ነው። ሰውዬው ቨርጂኒያ ውስጥ ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ኡበር እየሠራ፣ በመኪና መስኮት የተቀበለውን በርገር በግራ እጁ ይዞ በቀኙ እየነዳ የኖረ ነው። ውቅያኖስ አቋርጦ የመጣው ለእናቱ ሽሮ ነው። እኛ ደግሞ «ለእንግዳማ ሽሮ አይቀርብም» ብለን ቦሌ በርገር ቤት እንጎትተዋለን። ይበላል ምስኪን። ይከፍላልም።

በነገራችን ላይ፣ አሜሪካ ውስጥ በርገር የድሃ ምግብ ነው ሲባል ሰምተን «አይ እነሱ!» ብለን ነበር። የሀገሪቱ የበሽታዎች መቆጣጠሪያ ማዕከል፣ ሲዲሲ፣ በፈረንጆቹ 2018 ያወጣው ቁጥር ግን ሌላ ነው የሚለው። ከ2013 እስከ 2016 በተሰበሰበው መረጃ፣ በአንድ ቀን ውስጥ ፋስት ፉድ የቀመሱት አዋቂዎች ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው 31.7 በመቶ፣ ከመካከለኞቹ 36.4፣ ከፍተኛ ገቢ ካላቸው ደግሞ 42 በመቶ ነበሩ። ቁጥሩ በላህ ወይ ብሎ ነው የጠየቀው እንጂ ስንት አወጣህ አላለም፤ ቢሆንም ያ «እኔ ሰላጣ ብቻ ነው የምበላው» የሚለው ባለሀብት ተነቅቶበታል። ከዚያ ወዲህ ኑሮ እዚያም ተወደደ። ማክዶናልድስ በ2024 የ5 ዶላር ምሳ አውጥቶ ሰው ለመመለስ ሞከረ፤ በ2025 የመጀመሪያ ሩብ ዓመት ግን የአሜሪካ ነባር ቅርንጫፎቹ ሽያጭ 3.6 በመቶ ወረደ፤ ዝቅተኛ ገቢ ያላቸው ደንበኞቹ እግራቸውን እንዳሳጠሩ ራሱ ኩባንያው ተናገረ። የእነሱ ድሃ በርገር መተዉ ዜና ይሆናል። የእኛው ሲተው ማን ሊቆጥረው!

እኛ ጋ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ብር ለገበያ ተለቀቀ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ 100ን ተሻገረ። በርገር ቤቶቹ ሜኑ ማሳተም አቆሙ። ዋጋው ላይ ስቲከር፣ ስቲከሩ ላይ ሌላ ስቲከር ሆነ፤ በጥፍርህ ብትልጠው እንደ አርኪዮሎጂ ቁፋሮ ዘመን በዘመን እየወረድክ ትሄዳለህ፣ ታች ስትደርስ እንባህ ይመጣል።

ከዚያ መንሸራተት ተጀመረ። በየሳምንቱ በርገር ይበላ የነበረው የባንክ ሠራተኛ በየደመወዙ አደረገው። በየደመወዙ ይበላ የነበረው መምህር ለልጁ ልደት አቆየው። ልደቱ ሲደርስ ደግሞ «ልጁ ጾም ላይ ነው» ተባለና ታለፈ። ልጁ አራት ዓመቱ ነው። የላይኞቹ እንኳ ምንም አልሆኑም፤ በሞተረኛ ያስመጣሉ፣ ቀዝቅዞ ይደርሳል፣ ለውሻው ይሰጣል። ውሻው በገቢ ደረጃ ስንተኛ ላይ እንደሚመደብ ስታቲስቲክሶች ቢነግሩን ደስ ይለኛል።

ከላይ የተንሸራተተው ሁሉ የት ገባ? እርጥብ ጋ! እውነተኛው ፋስት ፉድማ እሱ ነበር፤ ዳቦውን ሰንጠቅ፣ ድንቹን ጠቅጠቅ፣ ዳጣውን ቀባ፣ በወረቀት ጠቅለል፣ በቃ። የታክሲ ሰልፍህን ሳትለቅ ጎርሰህ ትጨርሳለህ። ታፔላ የለውም፤ ልጁ ታፔላ ቢሰቅል ደንብ አስከባሪ ይመጣበታል፣ ባይሰቅልም ይመጣበታል። የጥንቱ ደንበኛ፣ የቀን ሠራተኛው፣ ወደ ባዶ ዳቦና ሻይ ወርዷል፤ ቦታውን የያዘው ክራቫት ያሰረ ነው። ክራቫቱን ወደ ትከሻው ወርውሮ፣ አለቃው እንዳያየው ግራ ቀኝ እያማተረ፣ የበርገር ቤቱን አመል ሳይለቅ ትዕዛዝ ይሰጣል።

«ዳጣው ለስለስ ይበል፣ ድንቹ በዛ ይበል። ደረሰኝ አለው?»

«ጋሼ፣ ሶፍትም የለኝ!»