ጌም ቤት ይዘጋ ወይስ ኮድ ይግባበት?

በጎንደር ፒያሳ፣ ማራኪና አዘዞ ያሉ ጌም ቤቶች ከ18 ዓመት በታች የሆኑትን ያስገቡ ወይስ ይከልክሉ? አንዱ ተከራካሪ መምህር፣ ሌላው የፕሌይስቴሽን (የጌም ማጫወቻ መሣሪያ) ጠጋኝ ነው። (ዓመቶቹ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።)

መምህሩ፦ ይከልክሉ። ከኳሱ ጌም ጋር ጠብ የለኝም። ችግሩ የክፍሉ ጥበት ነው፤ አንዱ ቴሌቪዥን ላይ ኳስ፣ ጎኑ ባለው ላይ ደም። ተራ የሚጠብቀው የ7 ዓመት ልጅ ሳይከፍል ያያል። የአሜሪካ የሥነ ልቦና ማኅበርም በ2020 ባወጣው አቋም፣ እንዲህ ያለው ጌም ከመጮህና ከመገፋፋት ጋር ትንሽ ግን የማይካድ ትስስር አለው ብሏል።

ጠጋኙ፦ መምህር፣ ግማሹን ዘለሉት፤ ለከባድ ጥቃት መንስኤ ነው ለማለት ማስረጃው አይበቃም የሚለውም እዚያው አለ። ጭንቀቱም አዲስ አይደለም። ሞርታል ኮምባት የሚባለው ደም የሚፈስበት የድብድብ ጌም በ1992 ወጣ፣ በ1993 የአሜሪካ ሴኔት ሸንጎ ተቀመጠበት፣ በ1994 ጌሞች ላይ የዕድሜ ደረጃ መለጠፍ ተጀመረ። ጌሙ ግን አልታገደም። ፕሌይስቴሽን 4 ደረጃውን ራሱ ያነባል። ሴቲንግስ ውስጥ የወላጅ ቁጥጥሩን ሲከፍቱ ባለ 4 አሃዝ ኮድ ይጠይቃል፤ ከፋብሪካ ሲወጣ 0000 ነው። ሥራው የሚበላሸው እዚህ ላይ ነው፤ ኮዱ ካልተቀየረ ልጁ ራሱ ይከፍተዋል። ልጆች በባለቤቱ አካውንት ከተጫወቱም ገደቡ ዋጋ የለውም። ለልጆች የብቻ አካውንት ተከፍቶ ዕድሜው 12 ላይ ይገደብ፤ የባለቤቱ በፓስዎርድ ይቆለፍ። አዲስ ተጠቃሚ መፍጠርና በእንግድነት መግባትም ይጥፋ፤ ይህ ከተረሳ ልጁ በሌላ ስም ገብቶ ሁሉን ያልፈዋል።

መምህሩ፦ ኮዱን የሚይዘው በጨዋታ ሂሳብ የሚቀበለው ሰው እኮ ነው! ሥጋን ለጅብ አደራ ሰጠህ፣ ወንድሜ። ደግሞ ኮድ የጎረቤትን ስክሪን አይሸፍንም።

ጠጋኙ፦ በስክሪኑ እውነትዎን ነው፤ የአዋቂው ጌም በመጋረጃ ይከለል፣ ወይም ከምሽቱ 2 ሰዓት በኋላ ብቻ ይከፈት። ክልከላን ግን ደቡብ ኮሪያ ሞክራዋለች። በ2011 ከ16 ዓመት በታች ያሉትን ከእኩለ ሌሊት እስከ ንጋቱ 12 ሰዓት ከኢንተርኔት ጌም አገደች፤ ልጆች በወላጅ መታወቂያ ገቡ፣ ሕጉም አሥር ዓመት ቆይቶ ተሻረ። የእኛስ የገና ዱላ አያቆስልም? «በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ» እያልን አይደል?

መምህሩ፦ ገና በዓመት አንዴ፣ ሜዳ ላይ፣ በሽማግሌ ፊት ነው። የተመታው ልጅ ያለቅሳል፣ የመታውም ያየዋል።

ጠጋኙ፦ እንግዲያው ሽማግሌ ጌም ቤቱ ውስጥ ይቀመጥ እንጂ ልጁ ለምን ይባረራል?

መምህሩ፦ የሽማግሌውን የቀን አበል ማን ሊከፍል?