ጋራዥ የማሞቅበትን ብር ረከቦቱ ላይ ማን ያየዋል?

እስቲ ዛሬ ልተንፍስ። የዚህ ወር የመብራት ቢል መጥቶ ጨጓራዬን ልጦታል፣ ባለቤቴ ደግሞ ስለ ሂተር መስማት አንገሽግሿታል፣ ስለዚህ የቀራችሁኝ እናንተ ናችሁ።

ለማታውቁኝ፣ ሚኒሶታ ነው ያለሁት። ቀን ሌላ ሥራ እሠራለሁ፣ ማታ ማታና ቅዳሜ እሁድ ደግሞ ጓሮ ካለው ጋራዤ ገብቼ እንጨት እሠራለሁ፤ ረከቦት፣ በርጩማ፣ የሥዕለ አድኅኖ መደርደሪያ፣ አንዳንዴም ሰው ፎቶ ልኮ "እንደዚህ አርገህ ትሠራልኛለህ ወይ" የሚለውን ምናምን። ሥራውን እወደዋለሁ፣ አልዋሽም። ሰመር ላይ በሩን ወለል አድርጌ ሙዚቃዬን ለቅቄ ስሠራ ከኔ የተሻለ የሚኖር ሰው ያለ አይመስለኝም። ችግሩ ሰመር ላይ ማንም አያዝም! የኛ ሰው የሚያዘው ለገና ነው፣ ለጥምቀት ነው። ገና ጃንዋሪ 7፣ ጥምቀት ጃንዋሪ 19፣ ማለትም ልክ ሚኒሶታ ሰው አላስወጣ በሚልበት ሰሞን። አገር ቤት እኮ ጥር ፀሐይ ነው፣ የሰርግ ወር ነው፣ አናጢው እንጨቱን ደጅ አውጥቶ መንገድ ዳር ሲልግ ይውላል፣ ኮላውም ቫርኒሹም በፀሐይ ይደርቅለታል፣ ለፀሐይ ደግሞ እስካሁን ቢል የላከበት የለም።

እዚህ 2019 ላይ የነበራችሁ ጃንዋሪ 30ን አትረሷትም። ሚኒያፖሊስ ከዜሮ በታች 28 ፋራናይት ገብቶ፣ በሴልሺየስ ከዜሮ በታች 33 መሆኑ ነው፣ ፖስታ ቤቱ ራሱ ዛሬ ደብዳቤ አላደርስም ብሎ የተቀመጠበት ቀን። እንደዛ ያለው ሁሌ አይመጣም እሺ፣ ግን ከዜሮ በታች 5፣ ከዜሮ በታች 10 ፋራናይት ማለት እዚህ ማንም የማያወራለት የዘወትር ብርድ ነው።

አሁን ኮመንት ላይ መጥቶ "ወፍራም ጃኬት ለብሰህ አትሠራም ወይ" የሚል ሰው እንደማይጠፋ አውቃለሁ። ወንድሜ፣ እኔማ ለብሻለሁ፣ እንጨቱ ነው ያልለበሰው! የእንጨት ኮላ አብዛኛው ከ10 ዲግሪ ሴልሺየስ በታች ከሆነ አይሠራም፣ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል። ሲሞቅለት ቢጫና ጠንካራ ሆኖ የሚደርቀው ኮላ ብርድ ላይ ነጭ ይሆናል፣ ልክ እንደ ኖራ፣ ከዛ ክላምፑን (መቆንጠጫውን) ፈትተህ የረከቦቱን እግር በሁለት ጣት ጫን ስትለው ቀጭ ብሎ ይላቀቅልሃል። ደግሞ አየሩን ብቻ አሙቀህ አታመልጠውም፣ እንጨቱ ራሱ ውስጡ ድረስ መሞቅ አለበት፣ ሌሊቱን ደጅ ሲበርደው ያደረ የዎልነት እንጨት በግማሽ ሰዓት ሂተር አይሞቅም። ቫርኒሹም ያው ነው፣ ውሃ ያለበት ዓይነቱ አንዴ በረዶ ከሠራ ጓጉሎ ይቀራል፣ ይዘኸው ወደ ቆሻሻ። የድሪሉ ባትሪ ቻርጀር ላይ ስትሰካው ቀይ መብራት ያበራብሃል፣ በርዶኛል አልሞላም እያለ ነው። እኔ ጃኬቱን ደርቤ ብቻዬን ብሞቅ ምን ዋጋ አለው?

እና ዋናው ነገር ይሄ ነው፣ ሰው የማይገባው፦ እኔ ማታ ለሦስት ሰዓት ያህል ብሠራም ሂተሩ የሚሠራው ለሦስት ሰዓት ብቻ አይደለም። ኮላው ሌሊቱን ይጠጣል፣ ቫርኒሹ ሌሊቱን ይደርቃል፣ እኔ ገብቼ እተኛለሁ ሂተሩ ያድራል። ቆጣሪውም አብሮት ያድራል።

መጀመሪያ እንደማንኛውም ሰው ከሱቅ ትንሿን ሂተር ገዛሁ፣ 1500 ዋት። ስለሷ አንድ ነገር ልንገራችሁና ብር አትርፉ፦ ግድግዳ ላይ ያለችው ተራ ሶኬት የምትችለው 1500 ዋት ገደማ ስለሆነ የሚሸጡት ሂተሮች በሙሉ፣ የ30 ዶላሯም፣ በእንጨት ሳጥን የታሸገችው የ300 ዶላሯም፣ ኢንፍራሬድ ናት የሚሏትም፣ ሴራሚክ ናት የሚሏትም፣ ሁሉም ያው 1500 ዋት ናቸው፣ የሚሰጡት ሙቀት እኩል ነው። በ300 ዶላር የምትገዛው ሳጥኑን ነው። ማስታወቂያው ላይ "ቢልዎን በግማሽ ይቀንሳል" ይላል፣ በየት በኩል? መኝታ ቤት ከሆነ አንዷ ትበቃለች። ጋራዥ ግን ሁለት መኪና የሚያስገባ ሰፊ በር፣ እሱም ስስ ቆርቆሮ፣ ጣራው ባዶ፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ እዛ ውስጥ አንዷን ሂተር ማብራት ብርዱን መቀለብ ነው። ደግሞ ሂተሯ በርታ መጋዙን ስታስነሳ ብሬከሩ ይዘላል። መጋዙ እንጨቱ መሀል ገብቶ በግማሹ ቆሞ፣ መብራቱ ጠፍቶ፣ በስልክ ላይት እየተደናበርክ፣ በረዶውን እየረገጥክ ቤዝመንት ድረስ ሄደህ ብሬከር ትመልሳለህ፣ ስትመጣ እንጨቱ ላይ መጋዙ የቆመበት ቦታ በጥቁሩ ተቃጥሎ ይጠብቅሃል። የዎልነት ዋጋ የሚያውቅ ሰው እዚህ ጋ አብሮኝ ያልቅስ።

እሺ አልኩና ኤሌክትሪሽያን አስመጥቼ 240 ቮልት አስገባሁ፣ 5000 ዋት ሂተር ጣራው ላይ አሰቀልኩ (ያስከፈለኝን አልነግራችሁም፣ ባለቤቴ ይሄን ፔጅ ታነባለች)። እውነት ለመናገር ይሞቃል። ግን ሂሳቡን አብረን እንሥራ። ኪሎዋት ሰዓቱን 16 ሳንቲም እንበል። ሂተሩ ቴርሞስታት ስላለው እየጠፋ እየበራ ከቀኑ ግማሹን ብቻ ሠራ እንበል፣ 12 ሰዓት በ5 ኪሎዋት 60 ኪሎዋት ሰዓት፣ ማለት በቀን 9 ዶላር ከ60 ሳንቲም። በወር ወደ 290 ዶላር! ይሄ እንግዲህ ለጋራዡ ብቻ ነው፣ ቤቱ፣ ምድጃው፣ ልጆቹ መብራት አብርተው የሚተኙበት ሳይቆጠር። ብርዱ የበረታ ሳምንት ደግሞ ግማሽ ቀን የሚባል ነገር የለም፣ ያለ እረፍት ነው የሚያጓራው።

"ፕሮፔን ተጠቀም ርካሽ ነው" ያሉኝ ሰዎች ደግሞ አሉ፣ እነሱን እግዜር ይያቸው። ነዳጅ ማደያ ደጃፍ በሽቦ ቤት ተቆልፎ የሚሸጠውን ሲሊንደር ታውቁታላችሁ፣ የባርቤኪው። 20 ፓውንድ ይይዛል፣ ብዙ ጊዜ ግን ስትቀይር የሚሰጡህ 15 ፓውንድ ብቻ የተሞላ ነው፣ በትንሹ ተጽፎ ጎኑ ላይ አለ፣ ሂዱና እዩ። ያ 15 ፓውንድ የሚሰጥህ ሙቀት በመብራት ብታስበው 94 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ነው፣ በ16 ሳንቲም 15 ዶላር። ሲሊንደሩን ለመቀየር የምከፍለው ከ20 ዶላር በላይ ነው። ታዲያ ርካሽነቱ የቱ ጋ ነው? ትልቅ ታንክ አስተክሎ በጋሎን የሚያስሞላ ገበሬ ሌላ ነገር ነው፣ እኔ ከተማ ውስጥ ነኝ።

ዋጋው ይሁን ብዬ ብተወው እንኳ ውሃው አለ። ፕሮፔን ሲቃጠል ውሃ ይወጣዋል፣ እንፋሎት ሆኖ። ጭስ ማውጫ የሌለው ሂተር ከሆነ ያ 15 ፓውንድ ተቃጥሎ ሲያልቅ ወደ 11 ሊትር ውሃ አየሩ ላይ በትኖልሃል፣ የት ይሄዳል? ቀዝቃዛ ብረት ፈልጎ ያርፋል። አንድ ማለዳ ገብቼ የመጋዙን ጠረጴዛ በእጄ ስጠርገው እርጥብ ነው፣ ላብ ያላበው፤ በነጋታው ብርቱካናማ ነጠብጣብ ነጠብጣብ ሆኖ ዝጓል፣ መላጊያው ምላጩ ሳይቀር። በብረት ሱፍና በዘይት ስፈገፍግ ነው ቅዳሜዬ ያለቀው። ደግሞ እሳት ነው እኮ፣ ክፍት እሳት፣ ሰጋቱራና የቫርኒሽ ሽታ ባለበት ቤት ውስጥ! ካርቦን ሞኖክሳይዱ ደግሞ ለብቻው አለ፣ ሽታ የለው መልክ የለው። አገር ቤት ያሉት አጎቴ በስልክ ሲሰሙኝ "ታዲያ ከሰል አያይዘህ አታስገባም?" አሉኝ። "ኧረ ጋሼ ይተዉኝ፣ በሩ ዝግ ነው!" ስላቸው "እኛ እዚህ ክረምቱን በምን የምናሳልፍ መሰለህ" ብለው ተቆጡ። በከሰል ጭስ በየክረምቱ አገር ቤት ስንት ሰው ተኝቶ እንደሚቀር እያወቁት፣ ይገርማል። ከሰል ዝግ ቤት ውስጥ አታስገቡ፣ ይሄን እንኳን ከቀልድ ውጪ ነው የምለው።

"የቧንቧ ጋዝ አስገባ" ትሉኛላችሁ አሁን። አውቃለሁ፣ እሱ ነው የሚያዋጣው፤ በኔ ቢል ያንኑ ሙቀት በመብራት ከማመጣበት ሩቡን እንኳ አይፈጅም። ግን ጋራዡ ከቤቱ ተለይቶ ነው የተሠራው፣ መስመሩ መሬት ተቆፍሮ መሄድ አለበት፣ ፐርሚት ያስፈልጋል፣ ሂተሩ ይገዛል፣ ጭስ ማውጫ ይወጣለታል። የጠየቅኩት ባለሙያ መጣ፣ ግቢውን አየ፣ እግሩን መሬቱ ላይ መታ መታ አደረገና "ስፕሪንግ ላይ ደውልልኝ" ብሎኝ ሄደ። መሬቱ ድንጋይ ሆኗላ። ማሞቂያ የምትፈልገው ክረምት ላይ ነው፣ ማሞቂያ የሚገባልህ ክረምቱ ካለፈ ነው፣ ስፕሪንግ ሲመጣ ደግሞ ብሩ ለሌላ ነገር ይሄዳል፣ እንዲህ እያልን ሌላ ዊንተር ይመጣል።

ጋዙም ቢሆን ባለቤቱ ሰው አይታመንም። ፌብሩዋሪ 2021 ቴክሳስ በረደው ተብሎ፣ የጋዙ ዋጋ በጥቂት ቀን ሰማይ ነካ፣ እዚህ ያሉት የጋዝ ድርጅቶች በዛች ሳምንት የገዙትን ውድ ጋዝ ከኛ ከደንበኞቹ ላይ በየወሩ ቢል ላይ እየለጠፉ ለዓመታት ለቀሙት። ዋጋቸውን የሚቆጣጠረው የስቴቱ ኮሚሽንም ጥቂት ቀነሰና ቀሪውን ሰብስቡ አላቸው። ቴክሳስን በረደው ብለው የሚኒሶታን ሰው ማስከፈል! እኛ ሲበርደን ቴክሳስ አንድ ሳንቲም ልኮልን ያውቃል?

ሚኒ ስፕሊትም (ግድግዳ ላይ የሚሰቀለውን፣ ከደጅ አየር ሙቀት እየሳበ የሚያስገባውን) ጠይቄያለሁ፣ እሱን ብዙ አላወራም፣ ጥሩ ዕቃ ነው፣ ከ1 ኪሎዋት መብራት የሁለትና የሦስት ኪሎዋት ሙቀት ይሰጥሃል፣ ብርዱ ሲጠና ግን ጉልበቱ ይቀንሳል፣ የነገሩኝ ዋጋ ደግሞ ስንት ረከቦት እንደሆነ አስልቼ ስልኩን በትህትና ዘጋሁ።

ያለኝን አቅም ፎም ላይ አውየዋለሁ። የበሩን ቆርቆሮ ከውስጥ በፎም ሸፈንኩ፣ ከስሩ ያለውን ጎማ ቀየርኩ፣ ጣራውን በኢንሱሌሽን ሞላሁ፤ ለውጥ አለው፣ በጣም አለው፣ ሂተር ከመግዛታችሁ በፊት እሱን አድርጉ። ግን በሩ በር ነው፣ ሰው ይከፍተዋል። ሂተሩን ሁለት ሰዓት አስጩኼ እንጨቱ ሞቅ ሲልልኝ ባለቤቴ ከሥራ ትመጣና ሪሞቷን ትጫናለች፣ በሩ ቀስ እያለ ጥጥጥ ብሎ ወደ ላይ ይወጣል፣ እኔ መላጊያ ይዤ ቆሜ ሙቀቴ ወደ ሰማይ ሲሄድ አያለሁ። "መኪናዬ ደጅ አድሮ ጠዋት አልነሳም ሲል ማን ሊያስነሳልኝ ነው?" ትላለች፣ እሷም እውነቷን ነው። መኪናው ደግሞ ከነበረዶው ይገባና ወለሉ ላይ ይቀልጣል።

ይሄ ሁሉ አልፎ ረከቦቱ ያልቃል። ደንበኛ ይመጣል። በቀደም አንዲት ትልቅ ሴትዮ፣ በጣም የማከብራቸው፣ ረከቦቱን ገልበጥ ገልበጥ አድርገው አዩና "ስንት ነው ልጄ?" አሉኝ። "180 ዶላር እትዬ።" "ውይ! ለአራት እግር እንጨት?" "እትዬ እንጨቱ ብቻ አይደለም እኮ፣ የማሞቂያው ወጪ ራሱ..." ብዬ ሳልጨርስ "የምን ማሞቂያ? ረከቦቱ ይሞቃል እንዴ?" አይሉኝም! እስካሁን መልስ አላገኘሁላቸውም። ሳቅኩና 150 ወስጄ ሸኘኋቸው። ሌላው ደግሞ ኦንላይን ያየውን ስክሪንሾት ይልካል፣ "ይሄው 60 ዶላር አለ"። ወንድሜ፣ እሱ ወረቀት የተለጠፈበት ቺፑድ ነው፣ ሲኒ ውሃ ሲፈስበት የሚያብጥ፣ ደግሞ የተሠራበት አገር ብርድ የለም። እንጨት ሲወደድ ሰው ይገባዋል፣ እጅ ዋጋ ስትለው እየተነጫነጨም ቢሆን ይገባዋል፤ ሙቀት ግን አይታይም፣ አይነካም፣ ፎቶ አይነሳም፣ ተንኖ ሄዷል፣ ለሄደ ነገር ክፈል ብትለው ሌባ ትመስለዋለህ።

ስለዚህ አሁኑኑ ልናገር፣ በኋላ አልሰማንም እንዳትሉ። ከኖቬምበር እስከ ማርች ለሚታዘዝ ማንኛውም ሥራ 30 ዶላር የማሞቂያ እጨምራለሁ፣ ደረሰኙ ላይ ለብቻው ጽፌ፣ "ማሞቂያ" ብዬ። የከበደው ሰው ጁን ላይ ይዘዝ፣ ጁን ላይ በሩን ከፍቼ ነው የምሠራው፣ ሠርቼ ለገና እስኪደርስ አስቀምጥለታለሁ፣ ለማስቀመጫ አላስከፍልም። እና ኢንቦክሴ ላይ "ለጥምቀት ታደርስልኛለህ? አስቸኳይ ነው" ብላችሁ የጻፋችሁ፣ አይቼዋለሁ። አይደርስም። ኮላው እንቢ ብሏል።