ስንጥቁንም ኮፒ አደረጉት

ሰሞኑን በአንድ የቴሌቪዥን ውይይት ላይ አንድ የፋሽን ባለሙያ «ቻይናዎች የገጠር የጨርቅ ጥበባቸውን ስካን አድርገው በማሽን ስላተሙት ከሞት አዳኑት፤ እኛም እንማር» አሉ። አዘጋጁ ራሱን ነቀነቀ። እኔን ሻይ ትን አለኝ።

ከሞት አዳኑት? እስቲ ጨርቁን እንየው።

ጉይጆ በሚባለው ተራራማ የቻይና ክፍለ ሀገር ሚያዎ የተባለው ብሔረሰብ ሴቶች የንብ ሰም ያቀልጣሉ። በትንሽ የመዳብ ምላጭ እየጠቀሱ ነጭ ጨርቅ ላይ ይስላሉ። ወፍ፣ ዓሣ፣ ቢራቢሮ። ቢራቢሮዋ ለጌጥ አይደለችም፤ በተረታቸው 12 እንቁላል የጣለች፣ የመጀመሪያው ሰው ከአንዱ የወጣላት እናት ናት። ከዚያ ጨርቁ ኢንዲጎ የሚባል ሰማያዊ ማቅለሚያ ያለበት ጋን ውስጥ ደጋግሞ ይነከራል። በፈላ ውሃ ሰሙ ሲለቅ ሥዕሉ ነጭ ሆኖ ይወጣል። (ሰምና ወርቅ ለምናውቅ ሰዎች አዲስ ነገር አይደለም።)

አሁን ልብ በሉ። ጨርቁ ጋን ውስጥ ሲታጠፍ የደረቀው ሰም ይሰነጠቃል። ቀለሙ በስንጥቁ ሰርጎ እንደ ፀጉር የቀጠነ ሰማያዊ መስመር ይተዋል። «የበረዶ ስንጥቅ» ይሉታል። ማንም አልሳለውም። ሁለት ጨርቅ ላይ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም።

የማሽኑን ጨርቅ ዘርጉት። ስንጥቅ አለው! የቢራቢሮዋ ክንፍ ላይ ወደ ግራ የታጠፈች አንዲት መስመር። ክንድ ያህል አለፍ በሉ፤ ያቺው መስመር፣ እዚያው ክንፍ ላይ፣ ወደ ግራ ታጥፋ። ደግሞ አለፍ በሉ። መጣች! ሰም ሳይኖር የተሰነጠቀ ሰም። ይሄ ማዳን ከሆነ ሬሳ መኳልም ሕክምና ነው።

«ባህል የማንም የግል ንብረት አይደለም» የሚለው ማመካኛማ ይብሳል። በ2022 እ.ኤ.አ. ዲዮር የተባለው የፈረንሳይ ፋሽን ቤት ጥንታዊውን የቻይና «የፈረስ ፊት» ጉርድ ቀሚስ የመሰለ ልብስ የራሴ ቅርጽ ነው ብሎ ሲሸጥ፣ ቻይናውያን ተማሪዎች ፓሪስ ሱቁ ደጃፍ ወጥተው ጮኹ። ደግ አደረጉ። ግን ፓሪስ ሲወስደው ስርቆት፣ የከተማ ፋብሪካ ከተራራ ሴት ሲወስደው ዘመናዊነት የሚሆነው በየትኛው ሒሳብ ነው?

እርግጥ የእጅ ሥራ ውድ ነው። እሺ፣ ፕሪንት ነው ብላችሁ ሽጡት። ዘመናዊ ይሁን ካላችሁም ቅዱን ቀይሩ፣ ጃኬት ስፉት፣ ቦርሳ አድርጉት። ሰሙን ግን ለሴትዮዋ ተዉላት፤ ዋጋዋንም ክፈሏት።

«እንማር» ላሉት ባለሙያ ግን አይቸኩሉ፤ ትምህርቱ ቀድሞን ደርሷል። መርካቶ ይግቡና ከቻይና የመጣውን ፕሪንት ጥበብ ይጠይቁ። ሸማኔ ያልነካው ጥለት በሜትር ተቆርጦ ይሰጥዎታል።